ዊንዶውስ 10 ካበቃ በኋላ (እና ስለ «ስላይትሊ ዩዝድ» ብዙ ወሬ)

ብሩክ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕስ ዊንዶውስ 10 ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን አቁሟል። ማሽኑ ይሠራል፣ ግን የደህንነት ማሻሻያ እንደ ድሮው ዝም ብሎ አይመጣም። እና ምን እናድርግ? አጭር ርዕስ ነው፣ ቶሎ እንጨርሰዋለን።

ሄለን፦ አንጨርሰውም።

ብሩክ፦ እንሞክራ። ሦስት አማራጭ አለ፤ አንደኛው...

ሄለን፦ ሰው እኮ አራተኛውን መርጦ ጨርሷል። ያለውን ሽጦ ሌላ ያገለገለ ይገዛል። «ስላይትሊ ዩዝድ»፣ ማለትም ትንሽ ብቻ ያገለገለ።

ብሩክ፦ ጀመረች።

ሄለን፦ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውን ታውቀዋለህ። «ኮር አይ ሰቨን፣ 16 ጊጋ ራም፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ ጭረት የሌለው»። ከዚህ ሁሉ ስለ ማሽኑ አቅም የሚነግርህ ራሙ ብቻ ነው። እሱም እውነት ከሆነ።

ብሩክ፦ ፕሮሰሰሩ አይ ሰቨን መሆኑስ?

ሄለን፦ አይ ሰቨን ስንተኛ ትውልድ? ቁም ነገሩ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ ሰቨን 6600ዩ ከሆነ ስድስተኛ ትውልድ ነው፣ ያለውም ሁለት ኮር፣ ማለትም ሁለት የሥራ ክፍል ብቻ። አይ ፋይቭ 8350ዩ ደግሞ ስምንተኛ ትውልድ ነው፣ አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው፣ ማለትም ስምንት ሥራ ጎን ለጎን ያስኬዳል። ኢንቴል ለቀጫጭን ላፕቶፖች የሚሠራቸውን ዩ ፕሮሰሰሮች ወደ አራት ኮር ያሳደገው 2017 እ.ኤ.አ. ላይ፣ በስምንተኛው ትውልድ ነው። ስለዚህ «ሰቨን» ስለሚል ብቻ ጨምሮ የሚከፍል ሰው ደካማውን በውድ እየገዛ ነው።

ብሩክ፦ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ተለጣፊ ማመን የለም ማለት ነው።

ሄለን፦ ተለጣፊ በጥቅል ይሸጣል እኮ! ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫን፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግባ። ሲፒዩ ላይ ሙሉ ስሙን፣ ሜሞሪ ላይ ደግሞ ስንት ጊጋ እንደሆነና ስንት ማስገቢያ እንደተያዘ ታያለህ። «2 ከ 2» ካለህ ራሙ በሁለት ተከፍሎ ነው የገባው፣ ጥሩ ነው። «1 ከ 2» ካለህ በነጠላ መስመር ነው የሚሠራው፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተጣመረው ግራፊክስ ይደክማል። ግን መጥፎ ዜና አይደለም፣ ወደፊት ሁለተኛውን ትጨምርበታለህ።

ብሩክ፦ እኔ ግን እዚህ ጋ አልስማማም። ወርድና ኤክሴል ለሚጽፍ፣ ፒዲኤፍ ለሚያነብ ተማሪ፣ ስድስተኛ ትውልድ ከኤስኤስዲ (ከማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ጋር ይበቃዋል። ሰውን የሚያማርረው ዝግታ አብዛኛው ከሃርድ ዲስክ ነው የሚመጣው።

ሄለን፦ ስለ ዲስኩ ልክ ነህ። የሚሽከረከር ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፣ ሳታ በሚባለው ማገናኛ የሚገባ ኤስኤስዲ 550 ይጠጋል። ትንንሽ ፋይሎችን እዚህም እዚያም ሲለቅም ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም እጅግ ይሰፋል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ የሚሠራው እሱን ነው። ግን ስድስተኛ ትውልድ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም። ከጥቂት የሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች በስተቀር ከኢንቴል በኩል መነሻው ስምንተኛ ነው።

ብሩክ፦ ዋጋው ግማሽ ከሆነስ?

ሄለን፦ ግማሽ ከሆነ... እሺ፣ ግማሽ ከሆነ እንነጋገራለን። ግን ሻጩ በግማሽ አይሰጥህም፣ «አይ ሰቨን ነው» ይልሃል።

ብሩክ፦ (እየሳቀ) ስላይትሊ ዩዝድ አይ ሰቨን።

ሄለን፦ «ስላይትሊ» የሚለውን መለኪያ አለው እኮ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል የዲስክን ጤና የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ሳይጫን የሚሠራውን ዓይነት ፍላሽ ላይ ይዘህ ሂድ። ክፈተው፣ «ፓወር ኦን አወርስ» የሚለውን፣ በርቶ የሠራበትን ሰዓት፣ እይ። 21,000 ሰዓት ይላል እንበል። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 260 የሥራ ቀን ብትል ዓመቱ 2,080 ሰዓት ነው። አሥር ዓመት ቢሮ ውሏል ማለት ነው።

ብሩክ፦ አሥር ዓመት በስላይትሊ!

ሄለን፦ ጡረታ ሊወጣ ትንሽ ቀርቶት የነበረ ማሽን ነው። ግን ልብ በል፣ ይሄ የዲስኩ ዕድሜ እንጂ የላፕቶፑ አይደለም። ሻጩ አሮጌውን ዲስክ አውጥቶ ርካሽ ኤስኤስዲ ከትቶ ከሆነ 12 ሰዓት ብቻ ይልሃል። ያኔ የዲስኩን ስም አንብብ። የታወቀ ስም ከሌለው፣ ዝም ብሎ «ኤስኤስዲ 256» ካለህ፣ ዲስኩ እንደተቀየረ ጠርጥር። እንዲህ ዓይነቱ ኤስኤስዲ ትልቅ ፋይል ስትገለብጥ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ፈጣኑ ማቆያው ሲሞላ ከሃርድ ዲስክ እኩል ይሆናል። 10 ጊጋ የሚሆን ቪዲዮ ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ገልብጥና ግራፉን እይ፣ ቁልቁል ከወረደ ገባህ።

ብሩክ፦ ሃርድ ዲስክ ከሆነስ?

ሄለን፦ ሁለት መስመር ብቻ። «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ» (ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ቦታዎች) እና «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር»። ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። ፔንዲንጉ ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ፤ የዲስኩን ዋጋ ከሒሳቡ አስቀንስ።

ብሩክ፦ ባትሪውስ? «ሦስት ሰዓት ይይዛል» ይባላል ሁሌ።

ሄለን፦ በሻጭ ሰዓት ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈትና ፓወርሲኤፍጂ ብለህ ጻፍ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ባተሪሪፖርት። አጻጻፉን ከክፍሉ መግለጫ ሥር በላቲን እናስቀምጠዋለን። ሪፖርቱን የት እንዳስቀመጠው ራሱ ይነግርሃል፣ በብራውዘር ክፈተው። «ዲዛይን ካፓሲቲ» ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፣ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» አሁን የቀረው። 50,000 የነበረው 30,000 ከሆነ 60 በመቶ ቀርቶታል። እኔ ከ60 በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስልኝ እላለሁ።

ብሩክ፦ ሁለቱ ቁጥር እኩል ከሆኑስ? ምርጥ ነው አይደል?

ሄለን፦ እሱ ነው የሚያስፈራው! የስድስት ዓመት ማሽን ሁለቱ ቁጥር እስከ መጨረሻው ዲጂት እኩል፣ ሳይክሉም (ሞልቶ ያለቀበት ብዛት) ዜሮ ከሆነ፣ ወይ አዲስ ባትሪ ገብቶበታል ወይ ባትሪው ውስጥ ያለችው ቺፕ የተነገራትን ነው የምትደግመው። ቁጥሩን ተወውና ቻርጀሩን ንቀል። ቪዲዮ ክፈት፣ ብርሃኑን ከፍ አድርግ፣ 20 ደቂቃ ጠብቅ። ከ100 ወደ 78 ከወረደ ጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሻጩ ቡና ይጋብዝሃል፣ ጠጣ።

ብሩክ፦ 20 ደቂቃ ሱቅ ውስጥ? ያባርሩሻል።

ሄለን፦ ኧረ! የፋሲካ ዶሮ ክንፏን ገልጦ፣ ደረቷን ዳብሶ የሚገዛ ሰው ላፕቶፕ ላይ ሲደርስ ክዳኑን አይቶ ይወጣል። የሚያስቸኩልህ ሻጭ ምክንያት አለው።

ብሩክ፦ እሺ፣ ወደ ዊንዶውስ 10...

ሄለን፦ ቻርጀሩን አልጨረስኩም። ዴል የሚገዛ ሰው ይስማኝ። ዴል ክቡ ቻርጀር መሃል ላይ ቀጭን መርፌ አላት። ማሽኑ «ይሄ የእኔ ቻርጀር ነው፣ ይህን ያህል ዋት ነው» የሚለውን የሚያነበው በእሷ በኩል ነው። መርፌዋ ከተጣመመች ወይም ቻርጀሩ አስመስሎ የተሠራ ከሆነ ማንበብ ያቅተዋል። ያኔ ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ሰው «ቫይረስ ገባበት» ብሎ ፎርማት ያስደርጋል፣ ያው ነው፤ እንደገና ያስደርጋል፣ ያው ነው።

ብሩክ፦ ችግሩ ቻርጀር ላይ፣ ክፍያው ለፎርማት!

ሄለን፦ ታስክ ማናጀር ላይ ፍጥነቱን እይ። ሥራ ሰጥተኸው 0.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ተቸንክሮ ከቀረ ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ሞክር። ከተፈታ ጥፋተኛው ቻርጀሩ ነው። በባትሪም ካልተፈታ ሙቀቱን ተመልከት፦ የደረቀ የማቀዝቀዣ ፔስት፣ አቧራ የሞላው ፋን። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባል የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም ላይ 95 ዲግሪ አልፎ ፍጥነቱ የሚወርድ ከሆነ ተከፍቶ መጸዳት አለበት፣ ርካሽ ሥራ ነው።

ብሩክ፦ ከቢሮ የወጡ ማሽኖች ላይ መቆለፍ የሚባል ነገርም አለ። እሱን ንገሪያቸው።

ሄለን፦ እሱ ዋናው ነው! ሁለት ዓይነት ቁልፍ አለ። አንደኛው ባዮስ ላይ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው ማስተካከያ። ሲነሳ ሊኖቮ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ 1፣ ዴል ኤፍ 2፣ ኤችፒ ኤፍ 10 ተጫን። ፓስወርድ ከጠየቀህ ሻጩ ያጥፋው፤ ማጥፋት ካልቻለ አትግዛ። ቲንክፓድ ላይ የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ባትሪ በመንቀል አይጠፋም፣ የአምራቹ መፍትሔ ማዘርቦርዱን መቀየር ነው።

ብሩክ፦ ሁለተኛው?

ሄለን፦ አውቶፓይለት። ድርጅቱ ማሽኑን ማይክሮሶፍት ዘንድ በስሙ አስመዝግቦ፣ ሲሸጠው ከመዝገቡ ሳያስወጣው ቀርቷል። ሻጩ ዊንዶውስን ያለ ኢንተርኔት ይጭነዋል፣ ምንም አይታይም። አንተ ቤትህ ወስደህ ሪሴት ስታደርገውና ዋይፋይ ስታገናኘው የማታውቀው ኩባንያ ስም ይወጣል፣ የሥራ ኢሜይልህን አስገባ ይልሃል።

ብሩክ፦ ተቀጠርክ ማለት ነው።

ሄለን፦ ያለ ደመወዝ! ስላይትሊ ኢምፕሎይድ።

ብሩክ፦ (ይስቃል) እሺ፣ መድኃኒቱስ?

ሄለን፦ ከሻጩ ጋር የመመለሻ ቀን ተስማማ፣ በጽሑፍ፣ ቴሌግራም ላይም ይሁን። በነዚያ ቀናት ውስጥ ከኢንተርኔት ጋር አገናኝተህ እንደ አዲስ ጫነው። ለማንኛውም እንደ አዲስ መጫን አለብህ፣ የሱቁ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ክራክ፣ ያለ ፈቃድ የተከፈተ፣ ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ጻፍ፦ ኤስኤልኤምጂአር፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ኤክስፒአር። ሕጋዊ ከሆነ በቋሚነት አክቲቬት ሆኗል ይልሃል። የሚያበቃበት ቀን ከሰጠህ የድርጅት ማግበሪያን የሚያስመስል ክራክ ነው። በየ180 ቀኑ ያበቃል፣ ከጀርባ ተደብቆ የሚያድሰው ፕሮግራም አለ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ክፈት፤ ፎልደር ተዘርዝሮ ካገኘህ አንቲቫይረሱ ያንን ፎልደር እንዳይፈትሽ ታዟል።

ብሩክ፦ የባንክ ፓስወርድህን እዚያ ላይ ትጽፋለህ።

ሄለን፦ የሚያናድደኝ ደግሞ አለማስፈለጉ ነው። ከፋብሪካ ዊንዶውስ 10 ይዞ የወጣ ላፕቶፕ ቁልፉ ባዮሱ ውስጥ አለ። 8 ጊጋ ፍላሽ፣ ከማይክሮሶፍት ገጽ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል የሚባለው መጫኛ ማዘጋጃ፣ በቃ። ትክክለኛውን እትም ከጫንክ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል።

ብሩክ፦ አሁን ርዕሱን ልናገር? ያለውን ማሽን ይዞ ለሚቀጥል። አንደኛ፣ የተራዘመው የደህንነት ማሻሻያ። ለግል ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ ነው። የዊንዶውስ 10 የመጨረሻው እትም፣ 22ኤች2፣ ላይ ሁኑ፣ ሴቲንግስ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ መመዝገቢያው ይታያል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ሴቲንጋችሁን ካመሳሰላችሁ በነጻ ነው፤ ካልፈለጋችሁ 30 ዶላር።

ሄለን፦ ነጻ አይደለም፣ በመረጃህ ነው የምትከፍለው።

ብሩክ፦ ሴቲንግ ነው እኮ፣ ፎቶ አይደለም።

ሄለን፦ ዛሬ ሴቲንግ ነው። ሪኮልን አስታውስ፣ ግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁትን። የስክሪንህን ፎቶ በየጊዜው እያነሳ የሚያስቀምጥ ነገር ነው። ዳታቤዙ ያለ በቂ ጥበቃ መቀመጡን ተመራማሪዎች ካሳዩ በኋላ ነው አዘግይተው፣ ተጠቃሚው ራሱ ካላበራው አይሠራም ያሉት።

ብሩክ፦ እሱ ኮፓይለት ፕላስ የሚባሉት አዳዲስ ማሽኖች ላይ ብቻ ነው፣ የኛ ስድስተኛ ትውልድ ቢፈልግም አይችለውም!

ሄለን፦ እሱ ላይ አሸንፈኸኛል። አሮጌ መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል።

ብሩክ፦ ሁለተኛ፣ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ሲሠራ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የቲፒኤምና የሴኪዩር ቡት (የደህንነት ቺፕና የአነሳስ ጥበቃ) ምርመራ ማሳለፍ ይቻላል። ዊንዶውስ 11 ይገባል።

ሄለን፦ ይገባል፣ ግን በየዓመቱ የሚወጣውን ትልቁን ማሻሻያ በራሱ ላያመጣልህ ይችላል። እንደገና በፍላሽ ነው። ለራስህ አድርገው፤ ለእናትህ ማሽን ግን አታድርገው።

ብሩክ፦ ሦስተኛ፣ ሊኑክስ ሚንት፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነጻ ሲስተም። 4 ጊጋ ራም ባለው ላይ እንኳን ይራመዳል።

ሄለን፦ ፓወር ግዕዝ የለመደ ጸሐፊስ?

ብሩክ፦ ኪይማን የሚባለው መጻፊያ ለሊኑክስም አለ፣ አማርኛ ይጽፋል።

ሄለን፦ መጻፉን ይጽፋል። ቢሮው ግን በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ የሚባለውን የጋራ የፊደል ኮድ ባልተከተሉት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የአሥር ዓመት ሰነድ አለው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍተው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው የሚደረደረው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ብሩክ፦ ፎንቱን ሊኑክስ ላይ መጫን ይቻላል እኮ።

ሄለን፦ ለማንበብ። ለማረምስ? እሱን ሌላ ቀን እንጣላበት። አሮጌውን የሚሸጡት ግን ይሄን ሳይሰሙ እንዳይሄዱ፦ ስልካችሁ ላይ ቴሌግራም፣ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ሌሎቹን ሁሉ ዝጋ የሚለውን ንኩ። ብራውዘሩ ላይ ከጂሜይል ውጡ። ከዚያ ሪሴት ስታደርጉ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ «ቼንጅ ሴቲንግስ» ውስጥ ገብታችሁ «ክሊን ዳታ» የሚለውን አብሩት። ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይወስዳል፤ ቻርጀሩ እንዳይነቀል።

ብሩክ፦ ዴል ከሆነ መርፌዋን እያያችሁ።