መድኃኒቱና ማዕዱ፦ በሱሉልታ ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በፋርማሲ መስኮት ላይ ዘወትር የምንጠየቀው «ከምግብ በፊት ነው ወይስ ከምግብ በኋላ?» የሚለውን ነው፤ መልሱም ለሁሉም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አንድ አይደለም።

ሱሉልታ የወተት አገር ናትና ከወተት ልጀምር። ብዙ ሰው መድኃኒቱ ጨጓራዬን እንዳይጎዳው በማለት እንክብሉን በወተት ያወራርደዋል። መድኃኒቱ ቴትራሳይክሊን ከሆነ ግን በወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም አንጀት ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር ይጣበቅና ወደ ደም መግባት ከነበረበት ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሲፕሮፍሎክሳሲንም በወተትና በእርጎ ከተዋጠ በተመሳሳይ መንገድ ይቀንሳል፤ ዶክሲሳይክሊን ላይ ጉዳቱ አነስ ይላል። በሽተኛው ኪኒኑን አንድ ሳያስቀር ጨርሶ ሳለ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ስላነሰ ብቻ ሕመሙ ሊያገረሽበት፣ ተሕዋስያኑም መድኃኒቱን ሊለምዱት ይችላሉ። ወተት ተዉ ማለቴ አይደለም፤ ቴትራሳይክሊኑን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በውኃ የዋጠ ሰው ወተቱን 2 ሰዓት ላይ ቢጠጣ አይጎዳውም።

ለደም ማነስ የሚሰጠው አይረንና ማግኒዢየም ወይም አልሙኒየም ያለበት የሚታኘክ የጨጓራ ኪኒን ከወተትም ይብሳሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከእነዚህ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይዋጣል፤ ስለዚህ እቤት ያለውን የጨጓራ ኪኒን ሳትነግሩን አትሂዱ።

ክሎክሳሲሊንና አምፒሲሊን በባዶ ሆድ፣ ማለትም ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ፣ ይወሰዳሉ። አሞክሲሲሊን ምግብ አያስቸግረውም። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተቀላቀለበት ኦግመንቲን ግን ምግብ ሲጀመር ቢዋጥ ይሻላል፤ ሆድም አይረብሽም። ሜትሮኒዳዞል ያቅለሸልሻልና ከምግብ ጋር ይሁን፤ ጠላና አረቄ ግን ከእርሱ ጋር ፈጽሞ አይቀመሱ።

የጾም ነገር ደግሞ አለ። ጾም የመፍታቱ ፈቃድ የንስሐ አባት እንጂ የእኔ አይደለም፤ ሆኖም እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙም ሆነ ረመዳንን የምትይዙ ይህን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ብትነግሩት፣ ሕመሙ ከፈቀደ፣ በየ6 ሰዓቱ በሚዋጠው ፈንታ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ የሚወሰድ ሊያዝላችሁ ይችላል። በራስ ፈቃድ የቀኑን ዘሎ ማታ ሁለቱን በአንድ ላይ መዋጥ ግን አይገባም።

ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው እንክብሉን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጠው፤ ከዚያም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ጋደም አይበል፤ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላልና።

አሁን በእጃችሁ መድኃኒት ያለ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ፤ በየፖስታው ላይ የሚዋጥበትን ሰዓት እንጽፍላችኋለን።