ትንሽ አሟታል

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ቶራጃ ላወራችሁ ነው።

ቶራጃ ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ሱላዌሲ ደሴት ላይ ያለ ደጋ አገር ነው። ቤቶቹን ቶንግኮናን ይሏቸዋል፤ ጣሪያቸው እንደ ጀልባ ጫፍና ጫፉ ሽቅብ የቀና ነው። ከነዚህ ወደ አንዱ ገባሁ። ቡና ቀረበልኝ፣ ቡና አብቃይ አገር ነው። ሳልጨርሰው አስጎብኚዬ «በል አባትየውን ሰላም በላቸው» አለኝና ወደ ጓዳ መራኝ። ሽማግሌው ተኝተዋል። ትንፋሻቸው ከተቋረጠ ሁለት ዓመት አልፎታል።

እዚያ ቤት ግን «ሞቱ» የሚል የለም። «ቶ ማኩላ» ነው የሚሏቸው፣ የታመመ ሰው ማለት ነው። ምግብ ይቀርብላቸዋል። ልጆቻቸው ሲወጡ ሲገቡ ያነጋግሯቸዋል። አስከሬኑ እንዳይበላሽ ፎርማሊን ተወግቷል። ሞቱ የሚባለው የቀብሩ ድግስ ተጀምሮ የውሃ ጎሽ ሲታረድ ነው። ነፍስ ፑያ ወደሚባለው የሙታን አገር የምትደርሰው በጎሾቹ ነው ብለው ያምናሉ። ጎሽ ደግሞ ውድ ነው፤ ዝንጉርጉሩማ የመኪና ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ ገንዘቡ እስኪሞላ፣ ሩቅ ያለው ልጅ እስኪመጣ፣ ወራትም ዓመታትም ይጠበቃል። በዕዳ የሚዘፈቁ ቤተሰቦች አሉ፣ ይሄ አሁንም ያሳዝነኛል።

አብዛኞቹ እኮ ክርስቲያኖች ናቸው። «አሉክ ቶ ዶሎ» የሚሉት የአባቶች ሥርዓት ግን በሐዘን ጊዜ አልተለያቸውም።

ጓዳው ውስጥ ቆሜ ምን ልበል? ሳላስበው በአማርኛ «እግዜር ይማርዎት» አልኩ። ነፍስ ይማር አላልኩም። ከአፌ ሲወጣ ሰውነቴን ወረረኝ።

ዋሽንግተን ሳለሁ አክስቴ ደውላ «አያትህን ትንሽ አሟታል» ብላኝ ነበር። መታከሚያ ብር ላክሁ፤ ተቀብላ መረቀችኝ። በየቀኑ እደውላለሁ፣ «ዛሬ ይሻላታል፣ አሁን ተኝታለች» ትለኛለች። በአምስተኛው ቀን ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። የአገሬ ልጆች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አያቴ መጀመሪያ በተደወለልኝ ቀን ተቀብራ ነበር።

ለዓመታት አክስቴን ተቀይሜያታለሁ። ዋሸችኝ ብዬ። አሁን ሳስበው፣ እነዚያን አምስት ቀናት አያቴ ለእኔ ታማ ነበር፤ እኔም እየጠየቅኋት፣ እያስታመምኳት ነበር። ብቻዬን ሆኜ መርዶ እንዳልሰማ ሰው እስኪሰበሰብልኝ ድረስ አክስቴ ሐዘኗን ውጣ በስልክ ስታጫውተኝ ከረመች። እንዴት እንደቻለችው አላውቅም።

የሽማግሌው ልጅ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው የነገርኩትን ተረጎመላት። ወደ አልጋው ጎንበስ አለችና፣ ጆሮው እንደደከመ ሰው ጮክ ብላ፣ ለአባቷ ነገረቻቸው።