እግር የነበራት የባሕር ላም

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ጃማይካ ሲባል ብዙዎቻችን ሻሸመኔን እናስታውሳለን። እኔ የማወራችሁ ግን ሰው የሚባል ፍጥረት ከመኖሩ እጅግ ቀደም ብሎ ስለነበረችው ጃማይካ ነው።

ከደሴቲቱ ስፋት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የኖራ ድንጋይ ነው። ላዩ ነጭ፣ ሥሩ ቢጫ፤ አብዛኛው ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ውስጥ ይኖሩ ከነበሩ ፍጥረታት ዛጎልና አጽም የተሠራ። ነጩ በስፋቱ ይበልጣል፤ እኔን የሚማርከኝ ግን ቢጫው ነው።

በምዕራብ ጃማይካ፣ ሴቨን ሪቨርስ በተባለ ቦታ፣ በቢጫው ድንጋይ ንብርብሮች መካከል የጥንት ጭቃና አሸዋ ተኝቷል። ዕድሜው 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ የወጡትን አጥንቶች ዳሪል ዶምኒንግ የተባሉ ተመራማሪ በ2001 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ይፋ አደረጉ፤ ጥንታዊት የባሕር ላም ናት፤ ስሟንም ፔዞሳይረን ፖርቴሊ አሉት።

የባሕር ላም ውኃ ውስጥ የምትኖር ዕፅዋት በል አጥቢ እንስሳ ናት። የዛሬዎቹ የባሕር ላሞች፣ በቀይ ባሕር የሚኖረውን ዱጎንግ ጨምሮ፣ የኋላ እግር የላቸውም፤ የፊቱም መቅዘፊያ ሆኗል። ይህቺ ግን አራት እግር ነበራት። ዳሌዋ ከአከርካሪዋ ጋር በሚገባ ስለተያያዘ በየብስ ላይ ክብደቷን ተሸክማ መራመድ ትችል ነበር። የጎድን አጥንቶቿን ስታዩ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ወፍራምና ድፍን ናቸው፤ ውኃ ውስጥ ስትገባ እንዳትንሳፈፍ ክብደት ይሆኗታል። አፍንጫዋም ወደ ኋላ ሸሽቷል። ሁለት ሜትር በሚሆን አንድ ገላ ውስጥ የየብስም የባሕርም ኑሮ አብረው ተገኙ።

እንግሊዛዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሪቻርድ ኦወን በ1855 እ.ኤ.አ. ከጃማይካ የተገኘ የጥንት የባሕር ላም የራስ ቅል ገልጸው ነበር። ግን የራስ ቅል ስለ እግር ምን ይናገራል? መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ አስጠበቀ።

የባሕር ላም የቅርብ ዘመዶች እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ዝሆንና፣ አትሳቁብኝ፣ ገደል ለገደል የሚሮጠው የእኛው ሽኮኮ። አጥንቱም ዘረመሉም ይህንኑ ይመሰክራሉ።

በዚያው በቢጫው ድንጋይ ውስጥ የአውራሪስ ዘመድ የሆነ የየብስ እንስሳ ቅሪተ አካልም ተገኝቷል። ወገኖቹ በሰሜን አሜሪካ የታወቁ ስለሆኑ፣ በዚያ ዘመን ከአህጉሩ ወደ ጃማይካ የሚያሻግር መንገድ እንደነበረ ይገመታል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ሰጠመ፤ ነጩ የኖራ ድንጋይም በላዩ ተነጠፈ። ዛሬ በጃማይካ የምናያቸው የየብስ እንስሳት ደሴቲቱ እንደገና ከባሕር ከወጣች በኋላ የመጡት ዝርያዎች ናቸው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ስለ ሽኮኮው እንደማትለቁኝ ከወዲሁ አውቃለሁ።