«አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለቀዋል» የሚሉን ድምፅ

በአዲስ አበባ ለተሰበሰቡ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችና ሹፌሮች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የመኪና ባለቤቶች፣ ሹፌሮች፣ የጋራዥ ሰዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ቅዳሜ ጠዋታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ ሥራ አቁማችሁ የመጣችሁ ሹፌሮች፣ የዛሬው ገቢ እንደቀረባችሁ አውቃለሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ተናገር ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ባትሪን ነበር። ለባትሪ ግን ተናጋሪ ሞልቶታል። እኔ የእግር መካኒክ ነኝ፣ የጎማ፣ የአክሰልና የሾክ ሥራ ማለት ነው፤ ውሎዬ መኪና ሥር ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ስለ ባትሪ አይደለም የሚያማርረው። «ስጠመዝዝ ቀጭ ቀጭ ይለኛል» ነው የሚለው። «የሸጠልኝ ጋ ወሰድኩት፣ ተሠራ ተባልኩ፣ በሳምንቱ ተመለሰ» ነው የሚለው። ስለዚህ እሱን ላውራ።

ይህ ድምፅ ከኤሌክትሪክ መኪና ጋር የመጣ አይደለም። በቪትዙም በኮሮላውም ነበር። የድሮው መኪና ግን ሞተሩ ስለሚያጓራ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ከተማው ጸጥ ባለ መኪና ተሞላ። በጸጥታ ውስጥ ደግሞ ትንሿም ነገር ትሰማለች። አንዱ ደንበኛዬ ለቀናት ያስጨነቀው ድምፅ ከኋላ ወንበር ሥር የሚንከባለል የውሃ ኮዳ ነበር። ሳቅን፣ ተሸኘ።

ሁሉም ግን ኮዳ አይደለም። እነዚህ መኪኖች ከባድ ናቸው። ቢዚ ፎር ኤክስ (bZ4X) የምትባለው የቶዮታ ኤሌክትሪክ መኪና ወደ ሁለት ቶን ትጠጋለች። ሞተሩ ጉልበቱን በአንዴ ነው የሚለቀው። እግራችሁን ስታነሱ ደግሞ ባትሪውን ለመሙላት መልሶ ይይዛል። ስለዚህ ከሞተሩ ወደ ጎማው የሚሄደው አክሰል ቀኑን ሙሉ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ይጠመዘዛል። ከሳሪስ ፒያሳ በትራፊክ መሐል ስንት ጊዜ እንደሚሆን እናንተው ገምቱት።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሲቪ ጆይንት ነው። ይህ ዕቃ ጎማው እየታጠፈም እየተሽከረከረም ጉልበት እንዲደርሰው የሚያደርግ መገጣጠሚያ ነው። ዛሬ ከጎማው በኩል የምናገኘው ዓይነት መሠረቱ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ የፎርድ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ርዜፓ የሠራው ነው። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት የብረት ኳሶች አሉ። ኳሶቹ በተቦረቦረ መንገዳቸው ላይ በግሪስ ውስጥ ይንሸራተታሉ። በላያቸው ላስቲክ ሽፋን አለ። ላስቲኩ ከተቀደደ ግሪሱ ይወጣል፣ አቧራና ውሃ ይገባል። ከዚያ ኳሱ መንገዱን ይበላዋል። ስትጠመዝዙ የምትሰሙት ቀጭ ቀጭ ያ ነው።

ታዲያ በአዲስ መኪና ላይ ላስቲኩ እንዴት ይቀደዳል? እኛ ከተማ ይቀደዳል። የተቆፈረ መንገድ አለ፣ የኮብልስቶን ጥርስ አለ፣ ተፈንጥሮ የሚገባ ጠጠር አለ። ማየት ቀላል ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ አቁሙ፣ በስልክ መብራት ከጎማው ጀርባ ተመልከቱ። በጎማው የውስጥ ፊት ላይ ተረጭቶ የደረቀ ጥቁር ግሪስ ካያችሁ ጉዳዩ አለቀ። ድምፅ ሳይጀምር ከደረሳችሁበት ላስቲኩንና ግሪሱን መቀየር ብቻ ይበቃል። ከጮኸ በኋላ ግሪስ ጨምሮ መሸኘት ግን ደንበኛን ማታለል ነው። ለጥቂት ቀን ዝም ይልና ይመለሳል። የተበላ ብረት በግሪስ አይሞላም።

ለመለየት ሰፊ ባዶ ቦታ ፈልጉ። መሪውን ሙሉ በሙሉ ጠምዝዛችሁ በዝግታ እየረገጣችሁ ክብ ዙሩ። ፍጥነት ስትጨምሩ ቀጭ ቀጩም ከተፋጠነ ሲቪ ጆይንቱ ነው ብላችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ። ብዙ ጊዜ ወደ ግራ ስትዞሩ ከጮኸ የቀኙ ነው ይባላል። ያ ግን ሁልጊዜ አይሠራም፣ አትማሉበት።

በአዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ላይ በብዛት የማየው ግን ሌላ ነው። እሱ ነው ሰውን ያደከመው። ላስቲኩ ጤነኛ ነው፣ ሲቪ ጆይንቱ ጤነኛ ነው። ድምፁም ተከታታይ አይደለም። ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ስትቀይሩና ስትረግጡ፣ ወይም ታጥፋችሁ ስትነሱ፣ አንዴ «ቀጭ» ይልና ያቆማል። ይህ የሚመጣው አክሰሉ ከጎማው ኩሽኔታ ጋር ከሚነካካበት ፊት ነው። ሁለቱ ብረቶች ተጣብቀው ይቆዩና ጉልበት ሲቀለበስ በድንገት ይላቀቃሉ። በአሜሪካ ለተሸጡ አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች አምራቹ ራሱ ለዚህ የጥገና መመሪያ አውጥቷል። መፍትሔው ውድ አይደለም። የአክሰሉ ዳዶ ይፈታል፣ ፊቱ ይጸዳል፣ ተገቢው ቅባት ይደረጋል ወይም ስስ ሮንዴላ ይገባል። ከዚያ በአዲስ ዳዶ በቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ፣ ይጠበቃል። በብዙ መኪና ይህ ዳዶ አንዴ ብቻ ነው የሚታሰረው። አሮጌውን መልሶ፣ መፍቻውን በቧንቧ እያስረዘሙ ማጥበቅ ኩሽኔታውን መግደል ነው።

መኪናው ቆሞ መሪ ብቻ ስታዞሩ «ቋ» ካለ ደግሞ ከሾክ አብዞርቨሩ አናት ያለውን ኩሽኔታ እዩ። አቧራ ይገባዋል። አንድ ሰው መሪ እያዞረ ሌላው እጁን ሾኩ አናት ላይ ቢያስቀምጥ ንዝረቱ ይሰማዋል። ስፕሪንጉ መሐል ግን ጣት አይግባ። ድምፁ ከመሪው ራሱ ሥር ከመጣ የኤርባጉ ሽቦ የተጠቀለለበት ዕቃ ሊሆን ይችላል። የኤርባግ መብራት ከበራ አትጠብቁ።

አሁን ወደ አስፈሪው ልምጣ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ቶዮታ ወደ 2,700 የሚጠጉ ቢዚ ፎር ኤክስ መኪኖችን ለጥገና እንዲመለሱ ጠራ። መኪናዋ ገበያ ከወጣች ገና ወራት ነበር የሆናት። ምክንያቱ የጎማ ቡሎን ነው። የጃፓን ትራንስፖርት ሚኒስቴር እንዳለው በኃይል ሲታጠፍና ድንገት ፍሬን ሲያዝ ቡሎኑ ሊላላ፣ ጎማውም ሊወልቅ ይችላል። መንታዋ ሱባሩ ሶልቴራም አብራ ተጠራች። ባለቤቶቹ እስኪስተካከል ድረስ አትንዱ ተባሉ። ቶዮታ መፍትሔውን ያቀረበው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። ይህን የማነሳው የእናንተ መኪና ያ ችግር አለበት ለማለት አይደለም። አዲስ መኪና፣ ትልቅ ስም ያለው አምራች፣ ግን ጎማው የሚፈታ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለቀዋል» የሚላችሁ ሰው ይህን አያውቅም፣ ወይም ማወቅ አይፈልግም።

ስለዚህ ማንኛውም ቀጭ ቀጭ ሲጀምር መጀመሪያ የጎማ ቡሎን ይፈተሽ። በተለይ ጎሚስታ ቤት ጎማ ከተፈታ በኋላ የጀመረ ከሆነ ዛሬውኑ። ፍተሻው ደቂቃዎች ነው የሚወስደው።

ድምፁ ለምን ይመላለሳል ትሉኛላችሁ። ግማሹ ጥፋት የእኛ የመካኒኮች ነው። ሳንሰማ ዕቃ እንቀይራለን። ግማሹ ግን ከቅሬታው አነጋገር ይመጣል። «ድምፅ አለው» ብቻ ከተባለ መካኒኩ አንዴ ሰፈሩን ዞሮ ምንም ሳይሰማ ይመለሳል።

አንዲት ደንበኛዬ ኤሌክትሪክ መኪና ይዛ የታክሲ ሥራ ትሠራለች። የሸጠላት ድርጅት ጋራዥ ደጋግማ ሄዳለች። የሰጧትን ወረቀት አየሁት። «ደንበኛዋ ድምፅ አለ ይላሉ። ታይቷል። ችግር የለም» ይላል። ከዚያ ሾክ ቀየሩላት፣ ዋስትናው አይሸፍንም ብለው አስከፈሏት። እኔ ጋ ስትመጣ ግን የልጇን ደብተር ይዛ ነበር። እንዲህ ጽፋበታለች፦ «ጠዋት ከግቢ ወደኋላ ወጥቼ ስረግጥ አንዴ ቀጭ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም። ፍሬን ስይዝ የለም። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ይብሳል። ሬዲዮ ዘግቼ ነው።» እኔ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? መኪናውን ሳላነሳ የአክሰሉን ዳዶ ጠረጠርኩ። እሱው ነበር።

እንደ እሷ ጻፉ። ቆሞ ነው ወይስ እየሄደ? ስትረግጡ ነው ወይስ ስትለቁ? በየትኛው አቅጣጫ? በስልክ ቅዱት፤ የምትቀዱት ሰው አስቀምጣችሁ እንጂ እየነዳችሁ አይሁን። ከዚያ ከመካኒኩ ጋር አብራችሁ ንዱ። «ቁልፉን ተውና ሂዱ» ከተባላችሁ እሺ አትበሉ።

ወረቀቱም ላይ ድርቅ በሉ። ቅሬታችሁ እናንተ ባላችሁት ቃል ይጻፍ፤ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ይኑርበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ቀጭ ቀጭ ግን በ15 ቀን አይመጣም። ስለዚህ የሚያዋጣው ስትገዙ የሚሰጣችሁ የዋስትና ውል ነው። ብዙዎቻችሁ መኪናውን ከቻይና ወይም ከዱባይ ካስመጣ ግለሰብ ነው የገዛችሁት። የአምራቹ ዋስትና እዚህ ድረስ ይከተለኛል ብላችሁ አትገምቱ። ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት፤ እግርና አክሰል ይሸፍናል አይሸፍንም? ለስንት ኪሎ ሜትር? ጉድለት ባያችሁ ጊዜም ሳትዘገዩ ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የዘገየ ገዢ መብቱን ሊያጣ ይችላል።

ለመካኒክ ወንድሞቼና እህቶቼ አንድ ቃል ብቻ። ካልሰማችሁት አትፍቱት።

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ። ድምፅ ያለው መኪና ያላችሁ በሜዳው ቀኝ በኩል አሰልፉ። መጀመሪያ የሁሉንም ጎማ ቡሎን በቶርክ ሬንች እናያለን፤ ከዚያ አንድ በአንድ ክብ እያዞርን እንሰማለን። ከወንበር ሥር ያለውን ኮዳ ግን አስቀድማችሁ አውጡልኝ። አመሰግናለሁ።