«ስብሰባ ላይ ናቸው»

(ደሴ ውስጥ በአንድ የአጫጭር ፊልሞች ምሽት የተደረገ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ። አሰላሙ አለይኩም። እንደምን አመሻችሁ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከሁሉም በላይ እናንተ ካሜራ ያነሳችሁ ልጆቻችን፤ ፊልሞቻችሁን ከማየታችን በፊት ሃያ ደቂቃ ተናገር ተብያለሁ። ግማሹ ይበቃኛል። የቀረውን ለቡናው መርቄያለሁ።

ሥራና ሥራ አጥነት በኮሜዲ። ርዕሱን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። ለአንድ የቅሬያችን ሰው ብነግራቸው «ሥራ ማጣት ደግሞ ምኑ ያስቃል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

ዲግሪዬን ይዤ ደሴ ስመለስ ሁለት ዓመት ሥራ አልነበረኝም። ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ፣ ቡናማ ፖስታዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ከቤት እወጣለሁ። ወዴት? ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው። ከሰሌዳው ፒያሳ፣ ከፒያሳ እንደገና ሰሌዳው። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ እየሮጠ ነው» ትላለች። አልዋሸችም፤ እሮጥ ነበር። መድረሻው ነው የጠፋው። ቡና ላይ «ዛሬስ?» ይሉኛል። «ገና ነው» እላለሁ። «አብሽር!» ይሉኛል። አቦሉ ላይ አብሽር፣ ቶናው ላይ አብሽር፣ በረካው ላይ አብሽር። ሐኪም እንዳዘዘው መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ።

አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙን ተዉት። ኃላፊውን ለማግኘት አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሻለሁ። አሥራ አንዱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የበሩ ዘበኛ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝና፣ «አንተ ልጅ፣ እዚህ ከተቀጠሩት ሁሉ በሰዓቱ የምትገባው አንተ ነህ» አሉኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከልቤ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ሰውየው በእኔ አልቀለዱም። ቀልዳቸው እኔን አልፎ፣ በሩን አልፎ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ነው ያረፈው። ዛሬ ማታ የማወራችሁ ይህንኑ ነው። ቀልዱ የሚያርፈው ማን ላይ ነው?

ቻርሊ ቻፕሊንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ሞደርን ታይምስ» የሚለውን ፊልሙን ያያችሁ ግን ስንት ናችሁ? ኒውዮርክ ላይ መጀመሪያ የታየው በእኛ አቆጣጠር ጥር 1928 ነው። ጊዜውን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ኅዳር ላይ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ደሴን በቦምብ ደብድበዋታል። እኛ ላይ ማሽን ከሰማይ ሲወርድብን፣ እዚያ ፊልሙ ውስጥ ማሽን ሰው ይውጥ ነበር።

ቻፕሊን ብሎን አጥባቂ ነው። ብረቱ በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ፊቱ ያልፋል፤ እሱ ያጠብቃል። አለቃው ፍጥነቱን ያስጨምራል። ሥራው ሲቆም እጁ አይቆምም፤ በአየር ላይ ብሎን ማጥበቁን ይቀጥላል። የሴት ቀሚስ ላይ ቁልፍ ካየ እሱንም ላጥብቅ ብሎ ይሮጣል። ከሁሉ የምትገርመኝ ግን የምታጎርሰው ማሽን ናት። ሠራተኛው ለምሳ እረፍት እንዳይወጣ ተብላ የተሠራች ናት። ትበላሽና በቆሎውን አፉ ላይ እንደ ወፍጮ ታሽከረክረዋለች። እኛ አገር ጉርሻ ፍቅር ነው። እዚያ ጉርሻውን የደቂቃ ቁጠባ አደረጉት።

ቆይቶ ሥራውን ያጣል። መንገድ ላይ ከመኪና የወደቀች ቀይ ጨርቅ አንስቶ «ረሳችሁ!» እያለ ሲያውለበልብ፣ ከኋላው ሰልፈኛ ይመጣል። ፖሊስም መሪው እሱ ነው ብሎ ይዞት ይሄዳል። እስር ቤት ይመቸዋል። ፈታንህ ሲሉት ትንሽ ልቆይ ይላል። ይህ ቀልድ ከባዶ አልመጣም። በፈረንጆቹ 1933 አሜሪካ ውስጥ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ገደማ ሥራ ፈት ነበር።

ይህ ሩቅ የመሰለው ካለ ኮምቦልቻ ቅርብ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በእኛ አቆጣጠር 2009 ላይ ሲከፈት ከሰፈራችን ስንት ሴት ልጅ ሄደች! አንዲት የጎረቤት ልጅ ለበዓል ስትመጣ «ሸሚዝ ትሰፊያለሽ አሉ?» አልኳት። «ኧረ የለም ጋሼ፣ እኔ ኪስ ብቻ ነኝ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ኪስ። ሙሉ ሸሚዙን አይታው አታውቅም። «ታዲያ እንዴት ነው ክፍያው?» ስላት ሳቀች። «ኪስ እንደሚሰፋ ሰው ኪሴ ባዶ ነው» አለች። ይህን ከሷ የተሻለ የሚጽፍ የስክሪፕት ጸሐፊ ካለ እጁን ያውጣ። በጦርነቱ ጊዜ ፓርኩም ከተማውም የሆነውን ለእናንተ መንገር አያሻኝም። እሷም ተመልሳ ሰፈር ገባች።

አሁን የምወደው ላይ ደረስኩ። «ዘ ፉል ሞንቲ» ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1997 የወጣ የእንግሊዝ ፊልም ነው። ሼፊልድ የብረት ከተማ ናት። ፋብሪካው ተዘግቶ ወንዶቹ ድንጋይ ያሞቃሉ። በመጨረሻ ገንዘብ ለማግኘት የሚያደርጉትን ግን ሼሆችና ቄሶች በተቀመጡበት አዳራሽ አልናገርም። ራሳችሁ እዩት። ብቻችሁን።

ከስድስቱ ሰዎች አንዱ ጄራልድ ይባላል። የቀድሞ ፎርማን ነው። ከሥራ ከወጣ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ሚስቱ ግን አታውቅም። ጠዋት ክራቫቱን አስሮ ይወጣል። እሷ ደሞዝ እንዳለ ሰው ዕቃ ትገዛለች። በስንት ልፋት የሥራ ቃለ መጠይቅ ሲያገኝ፣ ጓደኞቹ በመስኮቱ ላይ የግቢ ማስጌጫ አሻንጉሊቶች እያጨዋወቱ ያበላሹበታል። አዳራሹ ይፈርሳል በሳቅ። እኔ ግን የዚያን ሰው ክራቫት ሳይ ቡናማ ፖስታዬ ነው ትዝ ያለኝ። ደሴ ውስጥ ስንት ጄራልድ አለ? እንቁጠር ካልን ቡናው ይቀዘቅዛል።

ሌላም ቦታ አለ። የሥራ አጥ ድጎማ ለመቀበል ተሰልፈዋል። ራዲዮ ላይ የለመዱት ዘፈን ይመጣል። አንዱ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ሌላው ወገቡን፤ ሰልፉ ላይ እንዳሉ ሳያውቁት ይጨፍራሉ። ማንም ቃል አይተነፍስም። እኛ ወሎዬዎች ይህን ለማስረዳት ትርጉም አያስፈልገንም። ባቲንና አምባሰልን የሚያህል ቅኝት ያወጣ አገር ልጅ ሰልፍ ላይ ትከሻው ዝም ይላል?

ጣሊያኖቹ ደግሞ ፋንቶዚ የሚባል የፊልም ገጸ ባሕርይ አላቸው፣ ተራ የቢሮ ሒሳብ ሠራተኛ፤ ፓኦሎ ቪላጆ ነው የፈጠረውም የተጫወተውም። የመጀመሪያው ፊልሙ የወጣው በፈረንጆቹ 1975 ነው። ሥራ እንዳይረፍድበት አውቶቡስ ለመያዝ በሰገነቱ ይወርዳል። ፊርማ ሰዓት ያሳደደው ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር ኮሜዲ እንደነበር ታውቃላችሁ? ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ» ነው፤ ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አውሬዎችን አቁሞ ሹማምንቱን ነካ አደረገ። ወዲያው ታገደ። ጅማሬያችን እንዲህ ነበር፤ ቀልዱ ወደ ላይ ነው የተተኮሰው።

ዛሬስ? አልዋሻችሁም፤ ብዙውን የአማርኛ ኮሜዲ ሳይ የሚከፋኝ አለ። ዘበኛው ይሳቅበታል። የቤት ሠራተኛዋ ይሳቅባታል። ከገጠር የመጣች ናት፤ አነጋገሯ የእኛ የወሎዬ ነው፤ «ወላሂ» ስትል ሰው ይስቃል። ኧረ ምኑ ነው የሚያስቀው? ባለቤትዬዋ የሦስት ወር ደሞዟን ይዛባታለች፤ እሱ ላይ ግን ካሜራው አይዞርም። እስኪ አዙሩት። ዜሮ ዓመት ልምድ ላለው ተመራቂ ሦስት ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ማስታወቂያ አለላችሁ። በምህንድስና ተመርቆ ኮብልስቶን የሚጠርብ ልጅ፣ ንድፉን ከተቆጣጣሪው በላይ እያወቀ አፉን የሚዘጋ ልጅ አለላችሁ። ልጅቱን አረብ አገር የሚልክ ደላላ አለ፤ የገዛ እህቱን ግን አይልክም። እነዚህን ያልሳቅንባቸው ስላላየናቸው አይደለም። ስለፈራናቸው ነው።

ዛሬ የሚታየው የመጀመሪያው ፊልም ስለ አንድ ዘበኛ ነው ብለውኛል። ቆሎ ይኑረው አይኑረው ገና አላየሁም። መብራቱን አጥፉልን። ስልክ የሚጮህበት ሰው ካለ አንሥቶ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይበል።