ከሲራራ እስከ ነጻ የንግድ ቀጣና

የተከበራችሁ የጎንደር ነጋዴዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤

ታዳጊ አገሮች ወደ ኢኮኖሚ ማኅበራት ለምን እንደሚገቡ እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ የታወሰኝ የዚህችው ከተማ የሲራራ ንግድ ነው። ወደ ምጽዋም ሆነ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚወርድ ነጋዴ ብቻውን አይነሣም ነበር፤ መንገዱ ሽፍታ፣ በየበሩም ቀረጥ የሚጠይቅ ኬላ ነበረበትና የጭነት ከብቱን ከሌሎች ጋር አስተባብሮ በነጋድራስ፣ ማለትም በነጋዴዎች አለቃ፣ የሚመራውን ጉዞ ይቀላቀላል። ኬላ ጠባቂው አንድ ሰው ብቻ ሲመጣበት ያሻውን ያህል ይጠይቃል፤ ብዙ ሆነው ሲደርሱበት ግን ተቀምጦ ይደራደራል።

የዛሬዎቹም አገሮች ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት በችሮታና በውል መካከል ያለው ልዩነት ነው። አሜሪካ አጎዋ በተባለው ለአፍሪካ አገሮች ባወጣችው የንግድ ዕድል ሕግ አማካይነት ዕቃችን ያለቀረጥ እንዲገባላት ፈቅዳ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ፈቃዱን አነሣች። የፖለቲካውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየውና፣ ሰጭው ብቻውን የሰጠውን ብቻውን መንሣት እንደሚችል ያየነው ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በኪጋሊ ተፈርሞ በ2019 በሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት ግን ፈራሚዎቹን እርስ በርስ የሚያስር ውል ነው።

ሁሉም ማኅበር አንድ ዓይነት አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የገባችበት ብሪክስ፣ እነ ቻይና፣ ሩሲያና ብራዚል ያሉበት ማኅበር፣ ቀረጥ አይቀንስም፤ የሚፈለገው በዓለም መድረክ ድምፅ ለማግኘትና ለብድር አማራጭ ነው።

አንድ የሚቆጨኝን ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ የኮሜሳ፣ ማለትም የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ መሥራች አባል ሆና ሳለ፣ የማኅበሩ ነጻ የንግድ ቀጣና እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀመር አልገባችም፤ የቀረጥ ገቢ እንዳይቀንስና ጀማሪ ፋብሪካዎች በኬንያና በግብፅ ዕቃ እንዳይዋጡ ተፈርቶ ነበር። ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም አልልም። ነገር ግን እዚያው ቆመን ሰሊጡን በጥሬው በኩንታል እየጫንን የፓልም ዘይት በጄሪካን እናስገባለን። ከመተማ የመጣው ሰሊጥ እዚሁ ተበጥሮና ተጨምቆ ወደ ጎረቤት አገር ቢሄድ፣ የኢትዮጵያ ሥሪት መሆኑን የሚያረጋግጠው ሰነድ ከቀረጥ ነጻ ሊያደርገው ይችላል። ዘይት ጨማቂዎቻችሁ ለዚህ ምን እንደሚጎድላችሁ፣ መብራት ይሁን ብድር ወይም ማሽን፣ አሁን በውይይቱ ከእናንተው አንደበት ብሰማ እወዳለሁ።

አመሰግናለሁ።