84 ቀን በእግር፦ ከሎስ አንጀለስ ኒው ዮርክ

[ካርታ፦ አሜሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚያቋርጥ ቀይ መስመር]

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር መሆኑን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። አሁን ግን ዛሬ 65 ኪሎ ሜትር ሮጣችሁ ድንኳን ውስጥ አደራችሁ እንበል። ነገም 65። በሁለት ቀን ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ገባችሁ ማለት ነው። እዚያ ግን አታርፉም። በዚሁ አካሄድ 84 ቀን ትቀጥላላችሁ።

እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1928፣ 199 ወንዶች ሎስ አንጀለስ ካለ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ እንዲህ ላለ ሩጫ ተነሱ። መድረሻው ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የሚባለው የስፖርት አዳራሽ ነው። ርቀቱ ወደ 5,500 ኪሎ ሜትር። አንደኛ ለወጣ 25,000 ዶላር።

[ፎቶ፦ ኮፍያ ያደረገ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው]

አዘጋጁ ቻርልስ ፓይል ይባላል። ሯጭ አልነበረም፣ አሠልጣኝም አልነበረም። የስፖርት ማኔጀር ነው። የዘመኑን የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ ሬድ ግሬንጅን ይዞ ጥሩ ብር ሠርቶ ነበር። አሁን ደግሞ ዓይኑን መንገድ ላይ ጣለ። ሩት 66 የሚባለው አውራ ጎዳና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ገና ብዙው ክፍሉ አስፋልት አልነበረውም። መንገዱን ማስተዋወቅ የሚፈልጉ ነጋዴዎች ነበሩ። ፓይል ደግሞ የሚያስተዋውቅላቸው እግር አመጣላቸው። እግሩ ግን የእሱ አልነበረም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሯጮቹ የሚያድሩበት ከተማ ሁሉ ለፓይል ይከፍላል። ሕዝቡም ትርኢት ለማየት ይከፍላል። አዎ፣ ከሩጫው ጋር የሚጓዝ ትርኢት ነበር። ከትርኢቱም አንዱ የሰው አስከሬን ነው! ኤልመር ማከርዲ የሚባል፣ በ1911 ኦክላሆማ ውስጥ በተኩስ የተገደለ ወንበዴ፣ ደርቆ ለሕዝብ ይታይ ነበር። የቡና ኩባንያ ደግሞ ትልቅ የቡና ማፍያ የመሰለ መኪና ልኳል፤ በየመንገዱ ቡና ያድላል። (ጀበና እንዳይመስላችሁ፣ የፈረንጅ ማፍያ ነው።) ፓይል ራሱ የተንደላቀቀ አውቶቡስ ውስጥ ሲጓዝ ሯጮቹ ድንኳን ውስጥ ያድሩ ነበር። ስለ ምግቡ የማያማርር አልነበረም። ጋዜጦች ደግሞ ውድድሩን በእግር ጣት እብጠት ስም እየጠሩ ያላግጡበት ነበር።

[ግራፊክ፦ የየቀኑ ሰዓት አንዱ በሌላው ላይ ሲደመር]

አሸናፊው እንዴት ይለያል? የየቀኑ ሰዓት ይደመራል። በመጨረሻ ድምሩ ትንሽ የሆነለት አሸነፈ። የብስክሌት ውድድሩን ቱር ደ ፍራንስን የሚከታተል ሰው ይሄ አይጠፋውም። ስለዚህ አንድ ቀን እንደ ጥይት ተወርውሮ አንደኛ መውጣት ብዙ አይጠቅምም፤ በማግስቱ ጉልበትህ ካበጠ አለቀልህ። በረጅም ርቀት ሩጫ ስሙ የገነነው አርተር ኒውተን ገና በጠዋቱ መሪ ነበር፤ ተጎድቶ አሪዞና ላይ ወጣ። እንግሊዛዊው ፒት ጋቩዚ ከስድስት ሰዓት በላይ እየመራ ኦሃዮ ደረሰ። እሱን ያስቆመው እግሩ አይደለም። ጥርሱ ነው። ድዱ መርዞበት መብላት ስላቃተው አቋረጠ።

ከሁሉም የሚከነክነኝ ግን የኤዲ ጋርድነር ነገር ነው። ከሲያትል የመጣ ጥቁር ሯጭ ነው፤ ከፊት ከሚሮጡት አንዱ። ቴክሳስ ሲገቡ በጥቁሮቹ ሯጮች ላይ ስድቡና ዛቻው በረታ። ኦክላሆማ ውስጥ አንድ ገበሬ ጠመንጃውን ጋርድነር ጀርባ ላይ ደግኖ ከኋላ ከኋላው ሲከተለው ዋለ። «እስቲ ነጭ ቅደምና አይሃለሁ» ነው ነገሩ። አስቡት፤ ውድድሩ በሰዓት ነው፣ እሱ ግን እንዳይቀድም መሣሪያ ተደግኖበታል። ያም ሆኖ ኒው ዮርክ ገባ። ስምንተኛ ወጣ።

[ፎቶ፦ ደረቱ ላይ ቁጥር የለጠፈ ቀጭን ወጣት]

አንደኛ የወጣው አንዲ ፔይን ነው። የ20 ዓመት ልጅ፣ ከኦክላሆማ፣ ፎይል ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ ቼሮኪ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የተወለደ። ሰዓቱ 573 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ። ሲሰላ በሰዓት 9.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ ለአንድ ጠዋት የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቁም ነገሩ ለ84 ቀን መጽናቱ ላይ ነው። ሁለተኛውን ጆኒ ሳሎን ከ15 ሰዓት በላይ ቀድሞታል። ከ199ኙ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 55 ብቻ ናቸው። የሚገርመው፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጠው ሲገቡ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ባዶ ለመሆን ትንሽ ነበር የቀረው።

አንዲ ብሩን ተቀበለ። የቤተሰቡን እርሻ የባንክ ዕዳ ከፈለበት። በኋላም በምርጫ ተወዳድሮ የኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ጸሐፊ ሆነ። ፓይል ግን ከሰረ። ብዙ ከተሞች እንከፍላለን ያሉትን አልከፈሉትም።

የከሰረ ሰው ይተወዋል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። በ1929 ደገመው፤ አሁን በተቃራኒው፣ ከኒው ዮርክ ሎስ አንጀለስ። ጋቩዚም ተመለሰ፣ ሳሎም ተመለሰ። ሁለቱ አህጉሩን ሙሉ ሲተናነቁ ከረሙ። 78 ቀን ሮጠው ሳሎ ጋቩዚን የቀደመው በስንት መሰላችሁ? በ2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ!

ሽልማቱ ለአንደኛ 25,000፣ ለሁለተኛ 10,000 ዶላር ነበር። ፓይል እጁ ላይ ምንም ስላልነበረው እከፍላለሁ የሚል ወረቀት ፈርሞ ሰጣቸው። ሳይከፍላቸው ቀረ። ስለዚህ ኪስ ውስጥ በገባው ከታየ አንደኛና ሁለተኛ እኩል ወጥተዋል።

[ፎቶ፦ ፖሊስ ዩኒፎርም የለበሰ ሳሎ]

ሳሎ ኒው ጀርሲ፣ ፓሴይክ ውስጥ ፖሊስ ነበር፤ ከተማው ሥራውን የሰጠው በ1928 እየሮጠ በዚያ ሲያልፍ ነው። በ1931 የቤዝቦል ጨዋታ ላይ ጥበቃ ቆሞ ሳለ ኳስ ጭንቅላቱን መትታው ሞተ። ፓይል ደግሞ በ1933 ቺካጎ በተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የጉድ ሰዎች ትርኢት ያስተዳድር ነበር። ወደ ሩጫ አልተመለሰም።